ሳንቲም የማይጥል ሞተር

መኪና ወዳዶች ቡና ይዘው ሲቀመጡ ወሬው በፈረስ ጉልበት ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ፍጥነት ያልፋል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ «የኔ ሞተር ተነስቶ እንኳ አይታወቅም» ይላል። ሌላው አላምንም ብሎ ኮፈኑን ያስከፍተዋል። ኪስ ይፈተሻል፣ አንድ ሳንቲም ይወጣል፣ በሚሠራው ሞተር ላይ በጠርዙ እንዲቆም ይደረጋል። ከቆመ ባለቤቱ አሸነፈ፤ ከወደቀ የቡናውን ሒሳብ ይከፍላል።

ጨዋታው አሮጌ ነው፤ ቀልድ ቢመስልም ፈተናው የምር ነው። ሳንቲሙ ለድምፅ ደንቆሮ ነውና የሚጥለው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። እኛ «ለስላሳ ሞተር» ስንል ግን ሁለቱን አንድ ላይ እናምታታቸዋለን። ድምፅን ማርሚታው ያፍነዋል፤ የተረፈውን ምንጣፉና ስፖንጁ ይውጠዋል። መንቀጥቀጥ ከብረቱ ከራሱ አካሄድ ስለሚመነጭ እንዲህ በቀላሉ አይሸፈንም፤ ሞተሩን የያዙት ጎማዎች ቢያለዝቡት እንጂ አያጠፉትም። ችግሩን ከሥሩ የነቀለ አንድ የሞተር ዓይነት አለ፤ ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት እሱን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከምናውቀው እንነሳ፤ ከባለ አራት ሲሊንደሩ። ኮሮላውም ሚኒባሱም ይህንኑ ነው የያዘው። ፒስተኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ አንደኛውና አራተኛው ሲወጡ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይወርዳሉ። ሁለት ወጪ፣ ሁለት ወራጅ፤ ሚዛኑ የተጠበቀ ይመስላል። ነገሩን የሚያበላሸው ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ኮኔክቲንግ ሮድ ነው። ክራንኩ ሲዞር ይህ ዘንግ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ያጋደለ እንጨት ደግሞ ቀጥ ብሎ ከቆመው ያጥራል። በዚህ የተነሳ ክራንኩ ሩብ ዙር ሲሄድ ከላይ የተነሳው ፒስተን የመንገዱን ግማሽ አልፏል፤ ከታች የተነሳው ግን ገና ግማሹ ላይ አልደረሰም። የፒስተኑ ጉዞ 80 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ርዝመት 140 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ ወራጁ 46 ሚሊ ሜትር ግድም ሲጓዝ ወጪው የተጓዘው 34 ብቻ ነው። ስለዚህ አራቱ ፒስተኖች ተደምረው ሲታዩ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይነጥራሉ። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ይህ በሰከንድ 100 ጊዜ ማለት ነው። የሞተሩ ዙር በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ረጅም መንገድ ስትነዱ በመሪው በኩል መጥቶ መዳፍ የሚያደነዝዘው ንዝረት ከዚህ ይመጣል።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ከመቶ ዓመት በፊት ለዚህ መላ አበጅቶለት ነበር። ከክራንኩ በእጥፍ ፍጥነት፣ አንዱ ከሌላው በተቃራኒ የሚዞሩ ሁለት ዘንጎች ሞተሩ ውስጥ አስገባ፤ ዘንጎቹ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን እንዲከብዱ ተደርገዋል፤ ሞተሩ ወደ ላይ ሲነጥር እነሱ ወደ ታች ይጎትቱታል። ሚትሱቢሺ በ1970ዎቹ ይህን ሐሳብ ከተረሳበት አነሳው፤ ፖርሸም 944 ለተባለው ባለ 2.5 ሊትር ስፖርት መኪናው ፈቃዱን ከሚትሱቢሺ ገዛ። ኩሩው ፖርሸ ከጃፓን ዕውቀት መግዛቱ ለራሱ ያስገርማል። መላው ይሠራል፤ ቢሆንም ለተንጋደደ ግድግዳ የቆመ ደጋፊ እንጨት ነው።

ስድስቱን ለመረዳት ቃሬዛ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይቀለዋል። ተሸካሚዎቹ እንደ ወታደር ሰልፍ እግራቸውን እኩል ካነሱ ቃሬዛው ይዘልና በሽተኛው ይሰቃያል። እርምጃቸውን ካፈራረቁ ግን የአንዱ ዝቅ ማለት በሌላው ከፍ ማለት ይካካሳል። በባለ ስድስቱ ሞተር ውስጥ አንደኛው ከስድስተኛው፣ ሁለተኛው ከአምስተኛው፣ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሦስቱ ጥንዶች በክራንኩ ክብ ላይ ሲሶ ሲሶ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ኮኔክቲንግ ሮዱ በማጋደሉ የሚፈጥረውን መንጠር ሳይቀር ስድስቱን ግፊቶች ብትደምሯቸው ባዶ ይመጣል። የፊተኛው ግማሽ የኋለኛው ግማሽ የመስታወት ምስል ስለሆነም ሞተሩ እንደ ሸማ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ አይልም። ተጨማሪ ዘንግ የለ፣ ዘዴ የለ፤ አሰላለፉ ብቻ ይበቃል።

ሌላም አለ። አንድ ሲሊንደር ከመሳብ፣ ከማመቅ፣ ከጉልበትና ከማስወጣት አራት ምቶቹ ውስጥ የሚሠራልን በአንዱ ብቻ ነው፤ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ አንዴ። አራት ሲሊንደሮች ሲሆኑ በየግማሽ ዙሩ ተራ ይቀባበላሉ፤ አንዱ ለቆ ሌላው እስኪይዝ መካከሉ ላይ ጉልበቱ ይሳሳል። ስድስት ሲሆኑ ቅብብሉ በየሲሶ ዙሩ ነው፤ የመጀመሪያው ዱላውን ሳይለቅ ተቀባዩ ጨብጦታል። ተራቸው አብዛኛውን ጊዜ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው። መካኒኮች ይህን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል።

ወረቀት ላይ እንዲህ ያማረው ነገር በብረት ሲሠራ ሌላ ጣጣ አመጣ። የሆላንዱ ስፓይከር በ1903 ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ሠራ፤ የእንግሊዙ ኔፒየር ከ1904 ጀምሮ ለገበያ አቀረበ። የስድስቱ ክራንክ ረጅም ስለሆነ በአንድ በኩል ሲመታ እንደሚጨመቅ ነጠላ ይጠማዘዛል፤ መጠማዘዙ ከሞተሩ ዙር ጋር ከገጠመ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ብሎም ክራንኩ ይሰበራል። ክራንኩን አወፍረው፣ በብዙ ኩሽኔታ አስረው፣ ጫፉ ላይ ንዝረት የሚውጥ ቁራጭ ከገጠሙለት በኋላ ነው ነገሩ የተረጋጋው። ሮልስ ሮይስ በ1907 ባለ ሰባት ሊትር ስድስቱን በለንደንና በግላስጎው መካከል አመላልሶ 15,000 ማይል፣ ማለትም 24,000 ኪሎ ሜትር ግድም አስኬደው። መኪናው የብር ቀለም ተቀብቶ ስለነበርና ዝም ስለሚል ሲልቨር ጎስት ተባለ፤ «የብር መንፈስ» እንደማለት። የቅንጦት ስሙ ከዚያ ጉዞ ጋር ተያይዞ ቀረ።

ለስላሳነት ለሽማግሌዎች ብቻ የተባለ የሚመስለው ካለ ከጃጓር ይማር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኩባንያው መሥራች ዊሊያም ላየንስና መሐንዲሶቹ ኮቨንትሪ ፋብሪካቸው ውስጥ ከአየር ድብደባ የሚነሳ እሳት ለመጠበቅ ሌሊት ተራ ይገቡ ነበር። በዚያ የጥበቃ ሌሊት ስለ መጪው ሞተራቸው ሲያወሩ ያድሩ ነበር። ውጤቱ 3.4 ሊትሩ ኤክስኬ ነው፤ በ1948 ለንደን ላይ ኤክስኬ 120 በተባለ ስፖርት መኪና ውስጥ ታየ። ቁጥሩ በሰዓት 120 ማይል ወይም 193 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ለማለት ነው። የዚያው ሞተር ዘሮች በ1950ዎቹ የለማን የ24 ሰዓት ውድድርን አምስት ጊዜ አሸነፉ፤ ሞተሩም እስከ 1992 ሲሠራ ኖረ። ለእሳት ጥበቃ የወጣ ሌሊት ይህን ያህል ሲያፈራ አላየሁም።

ስድስቱ ለውድድር የሚጠቅምበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የማይነጥር ሞተር ከፍ ያለ ዙር አይፈራም። ቢኤምደብሊው በ1933 ባለ 1.2 ሊትር ትንሽ ስድስት ጀምሮ ስሙን በዚህ አሰላለፍ ላይ ገነባ፤ በ2000 የወጣው ኤም 3 ከ3.2 ሊትር 343 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር፣ እሱንም በደቂቃ 7,900 ዙር ላይ። የጃፓኖቹ የኒሳን ስካይላይን ጂቲአርና የቶዮታ ሱፕራ ስድስቶችም ወጣቶች ስማቸውን ከፊልም ተዋናይ እኩል የሚጠሯቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን መኪና ይዞ እንደ ጣልያኑ ስቴልቪዮ፣ በአንድ በኩል ብቻ 48 ጥምዝ ያለበትን የተራራ መንገድ የወጣ ሰው የሚነግራችሁ ከጥምዝ ሲወጣ ነዳጅ መስጫውን መርገጥ ምን እንደሚመስል ነው፤ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ግፊት፣ ሳይቆራረጥ። (ስቴልቪዮ 2,757 ሜትር ከፍታ አለው። እንጦጦ ጫፍ ላይ የሚወጣ አዲስ አበቤ ከዚያ በላይ ነው።)

ሞተር ሳይክል ላይ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሆንዳ በ1960ዎቹ ከ250 ሲሲ ስድስት ሲሊንደር ሠርቶ በደቂቃ 18,000 ዙር አስጮኸው፤ ማይክ ሄይልዉድ በ1966ና በ1967 የዓለም ሻምፒዮን ሆነበት። እያንዳንዱ ፒስተን የቡና ሲኒ ውስጥ ይገባል። የዚያ ሞተር መሐንዲስ ሾይቺሮ ኢሪማጂሪ በ1978 ሲቢኤክስ የተባለውን ባለ 1,047 ሲሲ የመንገድ ሞተር ሳይክል አወጣ፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአግድም ተደርድረው ከፊት ጎማው ኋላ እንደ ክራር አውታር ይታያሉ። ለጋላቢው ጉልበት ቦታ እንዲተርፍ ሞተሩ ወደ ፊት ዘምበል ብሏል። እንዲህም ሆኖ ብዙ ባለሞተሮች ልባቸው ያለው ሃርሊ ዘንድ ነው። የሃርሊ ሁለት ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተጋድመው አንድ የክራንክ ቦታ ይጋራሉ፤ አንዱ ከፈነዳ በኋላ ሌላው 315 ዲግሪ ቆይቶ፣ ከዚያ የመጀመሪያው 405 ዲግሪ ቆይቶ ይፈነዳል። ሁለት ሰው በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጥ አንዱ ትንሽ እንደቸኮለ ዓይነት ነው። ሞተሩ ይነቀንቃል፣ መስታወቱ ምስል ያደበዝዛል፣ ጋላቢው ደግሞ ይወደዋል። እኔ የስድስቱ ወገን ነኝ፤ ሆኖም ጣዕም ነውና አልከራከርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስድስቱን በስፖርት መኪና ያወቀው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው ሰው የተሳፈረበት ሃርድቶፕ የሚባለው ላንድክሩዘር ነው። ከ1990 ጀምሮ ቶዮታ ላንድክሩዘሮቹ ላይ የገጠመው 1ኤችዜድ የተባለ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር በአንድ መስመር ስድስት ነው፤ ቱርቦ የለውም። እዚህ ላይ ድምፅና መንቀጥቀጥ የተለያዩ መሆናቸው በግልጽ ይታያል። እንደ ናፍጣ ወፍጮ ይንኳኳል፤ ዳሽቦርዱ ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ ግን ብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን መኪና የማይሰጠው ርጋታ አለው። ጎሐ ጽዮን ላይ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ሞተርን የሚፈትን ነው። ላንድክሩዘሩ ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ያም ሆኖ ስድስቱ ቀስ ብሎ ይወጣል እንጂ አይንገጫገጭም።

በዚያው ዳገት ላይ መንገድ ዘግቶ የሚያስመርራችሁ ሲኖትራክም በአንድ መስመር ስድስት ነው። ከባድ መኪና ሠሪዎች ይህን አሰላለፍ ትተውት አያውቁም፤ ረጅም አፍንጫ አያስቸግራቸውም፣ ክራንኩ ለረጅም ዕድሜ ይበጃል።

አብዛኞቹ የቤት መኪና ሠሪዎች ግን ትተውት ነበር። መኪናዎች በፊት ጎማ መነዳት ሲጀምሩ ሞተሩ በአግድም መግባት ነበረበት፤ ስድስቱ ለዚያ ይረዝማል። ቮልቮ በ1998 በአግድም አስገድዶ አስገብቶታል፤ ሌሎቹ ሦስት በሦስት ሆኖ ወደ ሁለት ጎን የተከፈለውን አጭሩን ቪ6 መረጡ። መርሴዲስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተወው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ2017 ተመለሰ፤ ከፊት ቦታ የሚይዘውን ቺንጋ አስወግዶ ማቀዝቀዣውንና ፓምፑን በኤሌክትሪክ ሲያስነዳ ሞተሩ አጠረለት። ጃጓርም በ2019 ተከተለ። አዲሱ ሱፕራ ስድስቱን ከቢኤምደብሊው ተውሶ መጣ።

መመለሱ የዘገየ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ሞተር ፒስተን ስለሌለው የሚነጥር ነገር የለውም፤ ሳንቲም ቀርቶ መርፌም ያቆማል። ኢትዮጵያም በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ባለ ስድስት የሚገዛ ሰው ባብዛኛው ያገለገለ ነው የሚገዛው። ለእሱ አንድ ምክር አለኝ። ሞተሩን አስነሱና በሚኒሞ ይሥራ፤ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩት። ናፍጣ ከሆነ ይንኳኳ፣ ግድ የለም። አካሉ ግን ሲወዛወዝ ካያችሁና ሻጩ «የዚህ መኪና ጠባዩ ነው» ካላችሁ አትመኑት። አራት ሲሊንደር ቢሆን ትንሽ እውነት ሊኖረው ይችል ነበር። ስድስቱ ጤነኛ ሆኖ አይወዛወዝም፤ ከተወዛወዘ ባብዛኛው አንዱ ሲሊንደር ተራውን እየዘለለ ነው። ዋጋውን ከዚያ ጀምራችሁ ተነጋገሩ።