ሳይበርድ የሚቀር የአንጎል ብግነትና የመርሳት በሽታ

በወገራ ደጋ፣ በአምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ በገብስ አጨዳ ወራት ጣቱን ማጭድ ያልቈረጠው ገበሬ ጥቂት ነው። የተቈረጠው ጣት በመጀመሪያው ቀን ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይግላል፤ ይጠዘጥዛል። ይህም በሕክምና ቋንቋ ብግነት ይባላል። ብዙ ሰው ብግነትን ከቁስሉ ጋራ አንድ አድርጎ ይጠላዋል፤ ነገር ግን ብግነት ሰውነት ተሐዋስያንን የሚገድልበትና የሞተውን ሥጋ የሚጠርግበት ሥራ ነው። ሥራው ሲፈጸም እብጠቱ ይጎድላል፤ ጣቱም ይሽራል።

ቀድሞ ብግነት የሚበርደው ማገዶ እንዳለቀበት እሳት በራሱ ጊዜ እንደ ሆነ ይታሰብ ነበር። አሁን የታወቀው ግን ሌላ ነው። ሰውነት ብግነትን የሚያስነሡ ቅመሞች እንዳሉት ሁሉ፣ ሥራው ማለቁን አስታውቀው ጠራጊዎቹን የሚመልሱ ቅመሞችንም ራሱ ያዘጋጃል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሪዞልቪን ይባላሉ፤ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ፕሮፌሰር ቻርልስ ሰርሃንና ባልደረቦቻቸው ያገኟቸው ሲሆኑ፣ ስማቸው የወጣው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2002 ዓ. ም. ነው። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) የሚሠሩትም በዓሣ ውስጥ ከሚገኘው ኦሜጋ 3 ከሚባለው ቅባት ነው።

እንግዲህ ብግነቱ በጣት ሳይሆን በአንጎል ውስጥ ተነሥቶ አልበርድ ቢልስ ምን ይሆናል?

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ዓ. ም. ገና በ51 ዓመቷ የማስታወስ ኀይሏን አጥታ ወደ ሐኪም ቤት ስለ መጣች ሴት ለሊቃውንት ጉባኤ አስረዳ። ሴቲቱ ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ከነርቭ ሴሎች ውጭ የተከማቸ ጕድፍ፣ በሴሎቹም ውስጥ የተቋጠሩ ክሮች አግኝቶ ነበር። ጕድፉ ዛሬ አሚሎይድ ይባላል፤ ክሮቹም ታው ከተባለው ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። በአንጎል ውስጥ ዘበኛም ጠራጊም ሆነው የሚያገለግሉ ማይክሮግሊያ የተባሉ ሴሎች አሉ፤ እነርሱም ይህን ጕድፍ ለማንሣት ይነሣሉ። ነገር ግን ጕድፉ አያልቅም፤ የማብረጃው ቅመምም በቂ አይሆንም። በዚህ በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ከእነዚህ ማብረጃ ቅመሞች አንዳንዶቹ አንሰው ተገኝተዋል። ስለዚህ ዘበኞቹ ለዓመታት እንደ ተቈጡ ይኖሩና፣ ጤነኛውን የነርቭ መገናኛ ሳይቀር ያበላሻሉ። በ2013 ዓ. ም. የወጡ ጥናቶችም የማይክሮግሊያን ሥራ የሚመራ ትሬም 2 የተባለ ጂን ሲዛባ በሽታው የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ብግነቱ ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት ግን አይደለም።

አንባቢ «እንኪያስ የብግነት ማስታገሻ ክኒን ልዋጥ» ይል ይሆናል። ይህ ተሞክሯል። ናፕሮክሰንና ሴሌኮክሲብ የተባሉ መድኀኒቶች ቤተ ዘመዶቻቸው በበሽታው ለታመሙ ሽማግሌዎች ተሰጥተው በሽታውን ሳይከለክሉ ቀሩ። ብግነትን ማፈን ብግነትን ሥራውን አስፈጽሞ ከማብረድ የተለየ ነገር ሳይሆን አይቀርም። እነዚህን የመሰሉ ክኒኖች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዘወትር መዋጥ ጨጓራን ያደማል፤ ኵላሊትንም ይጎዳል። ዓሣና ተልባም ለምግብነት መልካም ናቸው፤ ይሁን እንጂ የመርሳትን በሽታ ይፈውሳሉ የሚል ነጋዴ ቢመጣ አትመኑት።

በ2024 ዓ. ም. የታላቁ የሕክምና መጽሔት የላንሴት ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ቈጥሮ፣ እነዚህ ቢወገዱ ከ100 ሕሙማን እስከ 45 በሚደርሱት ላይ በሽታውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደ ነበር ገምቷል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የጆሮ መደንቈር፣ በራስ ላይ የሚደርስ ጉዳትና የተበከለ አየር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በደጋ አገር ብርዱ ስለሚጸና በሩ ተዘግቶ እንጨትና ኩበት በቤት ውስጥ ይነዳል፤ አሮጊቶች እናቶቻችንም ዘመናቸውን በዚያ ጢስ አሳልፈዋል። ጢስ ሳንባን ማስቈጣቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በሳንባና በደም የተነሣው ብግነት የአንጎልንም ዘበኞች እንደሚያነሣሣ የሚያመለክቱ ምርምሮች አሉ። ለጢሱ መውጫ ማበጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከሁሉ ይልቅ ልናስጠነቅቅ የምንወደው ስለ አንድ ልማድ ነው። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ትናንት ከብቶቻቸውን በስም የሚጠሩ አባት ዛሬ ልጃቸውን ሳያውቁ ቢቀሩ፣ ቢቃዡ፣ ቀን እየተኙ ሌሊት ቢነሡ፣ ቤተ ሰቡ «ጃጅተዋል» ብሎ ከምድጃው አጠገብ ያስተኛቸዋል። ይህ መጃጀት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች፣ የሽንት መሥመር ሕመም፣ ወባ ወይም የውሃ ማነስ ነው። ሽማግሌ ሰው ደግሞ ትኵሳት ሳይታይበት ሊታመም ይችላል። በጊዜው ቢታከም አብዛኛውን ጊዜ ልቡናው ይመለሳል፤ ቢዘገይ ግን ሞትን ሊያስከትል፣ ከዳነም በኋላ ማስታወሱን ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ፤ የሚወስዳቸውም ሰው ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና የሚወስዱትን መድኀኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር።