የጥንድ ጨዋታ ትርፍና ኪሳራ፦ የናታሻ ዝቬሬቫ የሜዳ ቴኒስ ዘመን

አንድ ሠራተኛ በሚያስገኘው ሀብትና በእጁ በሚገባው ገንዘብ መካከል ስላለው ልዩነት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ለረጅም ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ስለ ፋብሪካና ስለ እርሻ ሲወራ ነው። በሜዳ ቴኒስ ዓለም ግን ጥያቄውን በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ካነሱት አንዷ ከሚንስክ የመጣች ወጣት ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናታሻ ዝቬሬቫ የተወለደችው በ1971 በሚንስክ ከተማ ሲሆን፣ ራኬት ያስያዟት አሰልጣኝ አባቷ ነበሩ። በ1988 ገና በ17 ዓመቷ የፈረንሳይ ኦፕን የነጠላ ፍጻሜ ደረሰች። ወደ ፍጻሜው ስታልፍ ማርቲና ናቭራቲሎቫን የመሰለች ተጫዋች ከመንገዷ አስወግዳ ነበር። በፍጻሜው ግን ጀርመናዊቷ ስቴፊ ግራፍ 6ለ0፣ 6ለ0 አሸነፈቻት። ጨዋታው 34 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር የፈጀው። በዓለም ፊት እንዲህ ያለ ሽንፈት የደረሰባት ልጅ ከዚያ በኋላ ስሟ የማይነሳ ይመስል ነበር። ሆኖም ነገሩ የሆነው በተቃራኒው ነው።

ቼኩ የማን ነው?

በ1989 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ሂልተን ሄድ በተካሄደው ውድድር ዝቬሬቫ ዳግመኛ በፍጻሜው ከግራፍ ጋር ተገናኝታ ተሸነፈች። የዕለቱ ወሬ ግን ሽንፈቱ አልነበረም። ዝቬሬቫ ያገኘችው የሽልማት ገንዘብ ለራሷ እንዲሰጣት እንደምትፈልግ በቴሌቪዥን በይፋ ተናገረች።

በዚያን ጊዜ የሶቪየት ኅብረት ተጫዋቾች በውጭ አገር ከሚያሸንፉት ሽልማት አብዛኛውን የሚወስዱት የአገሪቱ የስፖርት ባለሥልጣናት ነበሩ። ለተጫዋቾቹ የሚደርሳቸው አበል ነበር። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ማየት ተገቢ ነው። ሜዳውን የሠራው፣ አሰልጣኝ የቀጠረውና የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠው መንግሥት ስለሆነ፣ ካፒታል ያወጣ ወገን ድርሻውን ቢጠይቅ አይገርምም። ይሁን እንጂ ሰባት ሰዓት በፀሐይ የምትለማመደው፣ ጉልበቷ ሲደክም ገበያዋ የሚዘጋው ተጫዋቿ ናት። የአንድ ቴኒስ ተጫዋች የሥራ ዘመን ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት እምብዛም አያልፍም። በዚያ አጭር ጊዜ ያልተቆጠበ ገንዘብ ደግሞ ኋላ አይገኝም።

አገሪቱ በፔሬስትሮይካ ለውጥ ውስጥ ስለነበረች ጥያቄው ጆሮ አገኘ። ተጫዋቾቹም ቀስ በቀስ ሽልማታቸውን በእጃቸው ማስገባት ጀመሩ። በ1991 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ዝቬሬቫ የቤላሩስ ተጫዋች ሆነች።

ብልጫ ያለበትን መምረጥ

ዝቬሬቫ በነጠላ ጨዋታ ደካማ አልነበረችም። በ1989 በዓለም አምስተኛ ደረጃ ላይ ደርሳ ነበር። በ1998 በዊምብልደን ግራፍንና ሞኒካ ሴሌሽን አሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ በቅታለች። ነገር ግን በመላ ዘመኗ ያገኘቻቸው የነጠላ ዋንጫዎች 4 ሲሆኑ የጥንድ ዋንጫዎቿ 80 ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ 18ቱ በአራቱ ታላላቅ የግራንድ ስላም ውድድሮች የተገኙ ናቸው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የነጠላ ጨዋታ የሚከፍለው ለኃይልና ለብቻ ጽናት ነው። የጥንድ ጨዋታ ግን ቦታ መምረጥን፣ ኳስ በለስላሳ እጅ ማሳረፍን፣ ከሁሉም በላይ ጓደኛ የት እንደቆመች ሳይዩ ማወቅን ይጠይቃል። ዝቬሬቫ እነዚህን አሟልታ ይዛለች። ነጋዴ ቡናም በርበሬም መሸጥ ይችል ይሆናል፤ የሚያዋጣው ግን ከሌላው በተሻለ የሚያውቀው ዕቃ ነው።

ያልተፈረመ ሽርክና

በጥንድ ጨዋታ ሁለት ተጫዋቾች አብረው ለመጫወት ሲስማሙ ብዙውን ጊዜ የተጻፈ ውል የለም። ስምምነቱ በቃል ይጀመራል፣ በቃልም ይፈርሳል። ሽልማቱ እኩል ይካፈላል። አንዷ ጥሩ ቀን ቢኖራት፣ ሌላዋ ቢያማት፣ ክፍያው ያው ነው።

የዝቬሬቫ ዋነኛ ሸሪክ በ1964 በፖርቶ ሪኮ የተወለደችውና ለአሜሪካ የተጫወተችው ጂጂ ፈርናንዴዝ ነበረች። ፈርናንዴዝ መረቡ ሥር ፈጣንና ደፋር ስትሆን፣ ዝቬሬቫ ኳሱን አለስልሳ ታመቻችላት ነበር። ከ1992 የፈረንሳይ ኦፕን እስከ 1993 ዊምብልደን ስድስት ግራንድ ስላሞችን በተከታታይ ወሰዱ። በ1993 እና በ1994 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች እያሸነፉ አራተኛው የአሜሪካ ኦፕን ብቻ አመለጣቸው። ሁለቱ በአንድነት ያሸነፏቸው ግራንድ ስላሞች 14 ናቸው።

ሽርክናው ድንበርም ነበረው። በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ እያንዳንዷ በየባንዲራዋ ሥር ተሰለፈች። ፈርናንዴዝ ከሜሪ ጆ ፈርናንዴዝ ጋር ለአሜሪካ ወርቅ ስታገኝ፣ ዝቬሬቫ ከሌይላ መስኪ ጋር ነሐስ አገኘች።

በ1997 መጀመሪያ ዝቬሬቫ ከማርቲና ሂንጊስ ጋር ሆና የአውስትራሊያ ኦፕንን ወሰደች። በዚያው ዓመት ወደ ፈርናንዴዝ ተመልሳ የፈረንሳይንና የዊምብልደንን ዋንጫ አነሳች። ፈርናንዴዝ በዓመቱ መጨረሻ ከውድድር ስትሰናበት ዝቬሬቫ ከአሜሪካዊቷ ሊንዚ ዳቬንፖርት ጋር ተጣመረች። ዳቬንፖርት በ1998 የአሜሪካ ኦፕን የነጠላ ሻምፒዮን የሆነች ኃይለኛ ተጫዋች ነበረች። ጥንዱ በዚያ ዓመት በአራቱም ግራንድ ስላሞች ለፍጻሜ ቢደርስም አራቱንም ተሸነፈ። በአራቱም ፍጻሜዎች ከመረቡ ማዶ የቆመችው የቀድሞ ጓደኛዋ ሂንጊስ ነበረች። ጥሩ ሸሪክ ሲለቅ ኪሳራው ከተፎካካሪ ወገን ትርፍ ሆኖ እንደሚመጣ ይህ ያሳያል።

ገበያው የሚከፍለው

ዝቬሬቫ በመላ ዘመኗ ያገኘችው የሽልማት ገንዘብ ከ7.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በነጠላ 22 ግራንድ ስላም ያሸነፈችው ግራፍ ግን ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። የዋንጫዎቹ ቁጥር ሲተያይ ልዩነቱ አራት ነው፤ ገንዘቡ ሲተያይ ግን ሦስት እጥፍ ሊሆን ይቃረባል። የዝቬሬቫ ሂሳብ በነጠላ ያገኘችውንም የሚጨምር መሆኑ ደግሞ ልዩነቱን የበለጠ ያሰፋዋል።

ይህ ሚዛን ከዚያ ወዲህም አልተለወጠም። በ2025 የአሜሪካ ኦፕን የነጠላ ሻምፒዮና 5 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገኝ፣ የጥንድ ሻምፒዮና ለሁለቱ በአንድነት 1 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቷል። ለአንድ ሰው ሲካፈል ከነጠላው አንድ አሥረኛ ነው። የአሰልጣኝ፣ የሆቴልና የአውሮፕላን ወጪ ግን በአሥር አይካፈልም። ትኬት የሚቆርጠውና የቴሌቪዥን መብት የሚገዛው ወገን የሚፈልገው ስም ነው፤ ስም ደግሞ የሚገኘው በነጠላ ጨዋታ ነው።

አዘጋጆቹ ይህንኑ በማሰብ በዚያው ዓመት የድብልቅ ጥንድ ውድድሩን ከዋናው ውድድር በፊት ወዳለው ሳምንት አዛወሩት። ሽልማቱን ከ200 ሺህ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አድርገው የነጠላ ኮከቦችን ጋበዙ። በጥንድ ሥራ የሚተዳደሩ ተጫዋቾች እንጀራችን ተወሰደ ብለው ቅሬታ አሰሙ። በመጨረሻ ዋንጫውን ያነሱት ግን በጥንድ ጨዋታ የተካኑት ጣሊያናውያን ሳራ ኤራኒና አንድሬያ ቫቫሶሪ ናቸው። በፍጻሜው ያሸነፉት ኢጋ ሽቪዮንቴክንና ካስፐር ሩድን ነው።

ዝቬሬቫና ፈርናንዴዝ በ2010 በዓለም አቀፉ የቴኒስ የዝና አዳራሽ በአንድነት ስማቸው ሰፈረ። ገበያው ለጥንድ ጨዋታ የሰጠው ዋጋ ዝቅተኛ እንደሆነ ቀርቷል። ዝቬሬቫ በ1989 ያነሳችው ጥያቄ ግን የዋጋው መጠን ሳይሆን የባለቤትነቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንሶም ይሁን በዝቶ ቼኩ የገባው በላቧ ባለቤት እጅ ነው።