ጎዳናና ጎርፍ፤ ከቆቦ በዋጃ እስከ አላማጣ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ዳገትና ቁልቁለት ካደከመው በኋላ የራያ ሜዳ ሲገለጥለት ልቡ ያርፋል፤ ከቆቦ ተነሥቶ ዋጃን በእኩሌታው ላይ አድርጎ በጥሙጋ በኩል አላማጣ የሚደርሰው ጎዳና፣ ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ገጹም የተስተካከለ ስለ ሆነ፣ ብዙው ሰው በእንቅልፍ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህን አጭር ፍኖት አስተውሎ የተመለከተ ሰው፣ የሰው መንገድና የውኃ መንገድ በመስቀል አምሳል የሚገናኙበት ስፍራ መሆኑን ይረዳል።

በስተ ምዕራብ የላስታና የኮረም ደጋ እንደ ቅጽር ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር ቆላ ይለየዋል። በመካከል ያለው ምድር የአፋርን ዝቅታ ባስገኘው በታላቁ የምድር ስንጥቅ ምክንያት የሰመጠ ሲሆን፣ ከደጋው የታጠበው አፈር ለአእላፍ ዓመታት እየተነጠፈበት፣ ዛሬ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ጥልቅ ደለል ሆኗል።

ይህን በረከት ያመጣ ጎርፍ እስከ ዛሬ አላቋረጠም። በበልግም ሆነ በክረምት ዝናሙ በደጋው ሲወርድ፣ የቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ደረቁ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ይመጣል፤ ገበሬውም በአፈርና በቅርንጫፍ ግድብ እየጠለፈ፣ በቦይ ከማሳ ወደ ማሳ ያዳርሰዋል። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት የቆቦ ማሽሎች ዘር በዚህ ጥበብ ሲጠበቅ ኖሯል።

ለገበሬው እንጀራ የሆነው ውኃ ለጎዳናው ግን ፈተና ነው። ከገደሉ እየተወረወረ የመጣው ጎርፍ ሜዳ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚበርድ፣ የተሸከመውን ድንጋይና አሸዋ በዚያው ይጥላል፤ የወንዙ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፣ በድልድይ ሥር ያለውም ክፍተት ይጠባል። በመጨረሻ ውኃው ድልድዩን ትቶ፣ ባልታሰበበት ቦታ አስፋልቱን ይቆርጣል።

በጥንት ዘመን በዚህ ሜዳ የሚያልፈው በቅሎና ግመል ነበርና፣ ጎርፍ የመጣ እንደ ሆነ ነጋዴው ጓዙን አውርዶ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ከተደረገ በኋላ፣ ኢጣልያ ወረራዋን ለማጽናት አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ በዚሁ በኩል አወጣች። ከነጻነት በኋላ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የአገሪቱን መንገዶች መጠገን ጀመረ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ኮረም በዓለም ሁሉ ስሟ ሲሰማ፣ ከአላማጣ ወደ ኮረም፣ ግራ ካሕሱ በሚባለው ጠመዝማዛ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ የሚወጣው ዳገት ምን ያህል የሕይወት መንገድ እንደ ሆነ ታወቀ።

ዛሬም የዋጃ ሽንኩርትና ቲማቲም ከማሳ ወጥቶ ወደ ሩቅ ገበያ የሚሄደው በዚህ ጎዳና ነው፤ ማሳውን ያጠገበ ጎርፍ ምርቱን የሚያስወጣውን መንገድ ከበላው፣ በረከቱ በግማሽ ይቀራል። ስለዚህ ድልድይ ሊሠራ የሚመጣ መሐንዲስ፣ መለኪያውን ከመትከሉ በፊት ከገበሬው ጋር በማሳው ዳር ሊመክር ይገባዋል፤ ጎርፉ ዘንድሮ በየት በኩል እንደሚዞር አስቀድሞ የሚያውቅ ውኃውን ሲጠልፍ የኖረው እርሱ ነውና።