ሙሽራው ለምን ይሰደባል?

ነቀምቴ ለዘመድ ሰርግ ሄዳችሁ፣ የሙሽሪት አክስቶችና ጓደኞች ደጁን ዘግተው ሙሽራውን በኦሮምኛ ዘፈን ሲያብጠለጥሉት ብትሰሙ አትደንግጡ። ስስቱን፣ ስንፍናውን፣ ሚዜዎቹን ሳይቀር ያነሳሉ። ሀማሞታ የሚባሉት አጃቢዎቹም ዝም አይሉም፤ ይመልሳሉ። ይህ አራብሶ ነው፤ ቃሉም ስድብ ማለት ነው። ጊምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ ያደገ ሰው አይቀየምበትም። ባሕር ማዶ ያደገ ልጅ ግን «ለምን ያዋርዱታል?» ብሎ ሲያዝን አይቻለሁ፤ የምጽፈውም ለእሱ ነው።

በጨዋታው ውስጥ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ልጃችንን ብትበድል ይህ አፍ ዝም አይልም። የዚህን ክብደት ለመረዳት ዛሬ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ጎልቶ የሚታየውን ሲንቄን ማወቅ ይጠቅማል። ሲንቄ እናት ለልጇ በሰርጓ ዕለት የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ሲንቄ ባንክም ስሙን የወሰደው ከእሷ ነው። ባል ሚስቱን፣ ይልቁንም አራስ ሳለች ቢመታት፣ ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። በደሉን ደጁ ላይ በዘፈን ያወጡበታል። ጥፋቱን አምኖ ሲክስ ይመርቁታል፤ እምቢ ካለ ይረግሙታል።

ታዲያ ሽሙጥ ሰውን ያርማል? እንዲህ ሲሆን ያርማል ባይ ነኝ። የተሰደበው በሠራው ሥራ ነው፤ የሰደቡት ነገ ለቅሶ የሚደርሱት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ምርቃቱም ደጅ ላይ ይጠብቀዋል። ልቡ ላይለወጥ ይችላል፤ እጁን ግን ይሰበስባል። ማንም የማያውቀው ከተማ ለገባ ሰው ግን ያው ዘፈን ነፋስ ነው።

ሌላም ሽሙጥ ነበረን፤ ደብቄው አላልፍም። በወለጋም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል በሸክላ ሠሪው፣ በቀጥቃጩና በቆዳ ፋቂው ላይ ለትውልድ ሲዘበትባቸው ኖሯል። ያጠፉት ጥፋት፣ ታርቀው የሚገቡበትም ደጅ አልነበረም። ያ ዘበት አንድም ሰው አላረመም፤ ጋብቻ ከለከለ፣ ማዕድ ለየ። ከአራብሶ ጋር በአንድ ስም ሊጠራ አይገባውም።

ወደ ዘፈኑ ልመለስ። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ በቃሏ የያዘቻቸውን 500 ያህል የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎች ጽፋለች። ከፊሎቹ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው፣ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ወጥተዋል፤ በ1904 ደግሞ ነቀምቴ ገብታ አስተምራለች። አራብሶ ግን አብዛኛው ገና በአክስቶቻችን አፍ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሰርግ አክስታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ማን ተሰደበ፣ ስለ ምን ተሰደበ ብላችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዳቸውንም አግኝታችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ።