በጋዙ የሚለካ ኮከብ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ከጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ለሕዝብ ከቀረቡት የመጀመሪያ ምስሎች አንዱ የደቡብ ቀለበት ኔቡላ ነበር። መሐሉ ላይ ደምቆ የሚታየውን ኮከብ ያየ ሰው የኔቡላውን ጋዝ ሁሉ ያበራው እሱ ነው ቢል አይፈረድበትም። ግን አይደለም። ሥራው የጎረቤቱ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው፣ ለዓይን እዚህ ግባ የማይባል ደብዛዛ ኮከብ።

እንዲህ ያሉት ኔቡላዎች ፕላኔታዊ ይባሉ እንጂ ከፕላኔት ጋር ዝምድና የላቸውም። ፀሐይን የሚያህል ወይም ጥቂት እጥፍ የሚበልጣት ኮከብ ሲያረጅ ያብጥና ቀይ ግዙፍ ይሆናል፤ ከዚያ ውጫዊ አካሉን ወደ ሕዋ ይበትናል፤ ኔቡላ የሚሆነውም ይኸው የተበተነ ጋዝ ነው። የተራቆተው እምብርት እየተኮማተረ ሲሄድ ገጹ ከ30,000 እስከ 200,000 ዲግሪ ኬልቪን ይግላል፤ የፀሐይ ገጽ 5,800 ያህል ነው።

ተመራማሪውን የሚያስቸግረውም ይኸው ግለት ነው። ይህን ያህል የጋለ ኮከብ አብዛኛውን ብርሃኑን የሚረጨው በአልትራቫዮሌት ነው፤ እሱን ደግሞ ዓይናችን አያየውም፣ የምድር ከባቢ አየርም አያሳልፈውም። ታዲያ ሙቀቱ ከምድር ሆኖ በምን ይለካል?

ኔዘርላንዳዊው ኸርማን ዛንስትራ በ1920ዎቹ መጨረሻ ያመጣው መላ፣ በእኔ ግምት፣ ከሥነ ፈለክ ብልሃቶች እጅግ ውብ ከሆኑት ይመደባል። ኮከቡን ትቶ ጋዙን መረመረ። የአልትራቫዮሌት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሃይድሮጅን አቶምን ሲመታ ኤሌክትሮኑን ይነጥቀዋል። ኤሌክትሮን ወደ አቶም ሲመለስ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ በመንገዱም ለዓይን የሚታይ ብርሃን ይለቃል። ስለዚህ ጋዙ ጨረሩን አንድ ሳያስቀር ከዋጠው፣ ከጋዙ የሚወጣውን ብርሃን የለካ ሰው ከኮከቡ ምን ያህል አልትራቫዮሌት እንደወጣ አወቀ ማለት ነው። ይህን ኮከቡ ራሱ ከሚሰጠው የሚታይ ብርሃን ጋር ሲያነጻጽር ሙቀቱን ያገኛል። ጋዙ ሳስቶ ጨረር ካመለጠው ግን ስሌቱ ኮከቡን ከእውነቱ ያቀዘቅዘዋል። በሂሊየም የሚሰላው ሙቀት በሃይድሮጅን ከሚሰላው ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1978 የመጠቀችው አይዩኢ ሳተላይት አልትራቫዮሌቱን ከሕዋ ሆና በቀጥታ ተመለከተች። ከብዙዎቹ ኮከቦች በሴኮንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍ ነፋስ እንደሚወጣም አሳየች። የቢራቢሮ ኔቡላ ኮከብ ግን በአቧራ ቀበቶ ተሸፍኖ፣ ከ200,000 ዲግሪ በላይ እየጋለ እንኳ፣ ሀብል ቴሌስኮፕ አዲሱን ካሜራውን እስካገኘበት እስከ 2009 ድረስ አልታየም።

የእነዚህ ኮከቦች መጋልና መቀዝቀዝ አብዛኛውን ጊዜ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የስቲንግሬይ ኔቡላ ኮከብ ግን ለየት ይላል። ኮከቡ እ.ኤ.አ. በ1971 21,000 ዲግሪ ገደማ ነበር፣ በ2002 ወደ 60,000 ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መቀዝቀዝ ጀመረ። ሀብል በ1996 እና በ2016 ያነሳቸው ምስሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ጋዙም በእጅጉ ደብዝዟል፤ የኦክስጅን ብርሃኑ ከሁሉም ይበልጥ።