ካሴቶቻችንን በምን እንገልብጥ?

በየቤታችን ያሉትን የድሮ የመንዙማና የቂርኣት ካሴቶች ወደ ዲጂታል ስለመገልበጥ ባነሳን ቁጥር «ሲዲ አይበቃም፣ ሃይ ሬዞሉሽን ይሁን» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እስቲ በቁጥር እንየው።

ዳይናሚክ ሬንጅ ማለት ቀረጻው ከራሱ ሽሽታ በላይ ሊያሰማ በሚችለው ዝቅተኛ ድምፅና ሳይሰባበር በሚይዘው ከፍተኛ ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ መለኪያው ዴሲቤል ነው። የሞገዱ ቁመት በ10 እጥፍ ሲያድግ 20 ዴሲቤል ይጨምራል። በተለመደው ዲጂታል ቀረጻ አንድ ቢት 6 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ በ16 ቢት 96 ዴሲቤል ያህል ይይዛል። በ2000 የመጣው ዲቪዲ ኦዲዮ በ24 ቢት በስሌት 144 ይደርሳል፤ በተግባር ግን የማጫወቻው ኤሌክትሮኒክስ የራሱ ሽሽታ ስላለው እዚያ አያደርሰውም። ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 ያወጡት ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፦ 1 ቢት ብቻ፣ ነገር ግን በሰከንድ 2.8 ሚሊዮን ጊዜ። ሽሽታውን ጆሮ ወደማይደርስበት ድግግሞሽ ገፍቶ በሚሰማው ክልል ውስጥ 120 ዴሲቤል አካባቢ ያገኛል።

ተራ ካሴትስ? ከ50 እስከ 60። ካሴት ላይ ያልነበረውን ድምፅ የትኛውም ዲስክ አይፈጥረውም።

በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን ዲስኮች ድምፅ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ወደ ሲዲ ደረጃ አውርደው አሰሙ። ከ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው 276 ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። ይሁንና ብዙዎቹ ውድ ዲስኮች በእርግጥ ጥሩ ድምፅ እንዳላቸው ታዝበዋል፤ ምክንያቱ ባለሙያው በጥንቃቄ ማዘጋጀቱ ነው። እኛም ገንዘባችንን ከዲስክ ይልቅ ማይክ ላይ ብናውለው እንመርጣለን።

አዲስ ቀረጻ ላይ ግን 24 ቢት ይጠቅማል። የበርታን ዋዛ በስልክ የቀረጸ ያውቀዋል፦ ከቅል የተሠሩት ጥሩምባዎች አንድ ላይ ሲነፉ ስልኩ በራሱ ድምፁን ይጨፈልቀዋል፣ ዝም ሲሉ ደግሞ የሩቁን ጫጫታ ያጎላዋል። የቃሪእም ትንፋሽና ከፍ ዝቅታ በዚሁ መንገድ ይጠፋል። አውቶማቲክ ማስተካከያውን አጥፍተን ከፍተኛውን ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ዝቅ አድርገን ብንይዝ፣ በ24 ቢት ዝቅተኛው ድምፅ በሽሽታ አይዋጥም።

ለካሴቶቹ፦ የማጫወቻውን ሄድ በአልኮል እንጥረግ፣ 16 ቢት ይበቃል፣ በኤምፒ3 ሳይሆን በዌቭ ፋይል እናስቀምጥ። በማይክ የሚቀረጸውን ግን ክረምት ላይ ባንጀምረው ይሻላል፤ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ 96 ዴሲቤሉም 144ቱም አንድ ናቸው።