በሁሉም ልጆች ፊት የቆመ ሙስሊም መምህር

 

ሙስሊም መምህር የተለያየ እምነት ያላቸውን ልጆች በአንድ ክፍል ሲያስተምር ኢማኑን የት ያደርገዋል? ደጅ ትቶት ይገባል ወይስ በተማሪዎቹ ላይ ይጭነዋል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። የቱርክን ተሞክሮ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1960 ያረፉት ሰዒድ ኑርሲ ዲናዊና ዘመናዊ ትምህርት ጎን ለጎን የሚሰጥበት፣ ዐረብኛ፣ ቱርክኛና ኩርድኛ ቦታ የሚያገኙበት ተቋም በምሥራቅ አናቶሊያ ለመክፈት ደክመዋል። በቫን ሐይቅ አጠገብ መሠረቱ ቢጣልም አንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አስቆመው። እርሳቸው ድንቁርናን፣ ድህነትንና መከፋፈልን እንደ ዋና ጠላት ይቆጥሩ ነበር።

ከጽሑፎቻቸው የቀሰሙት ፈትሁላህ ጉለን (እ.ኤ.አ. 1941–2024) ምእመናን ሀብታቸውን ለትምህርት ቤት ግንባታ እንዲያውሉ አበረታቱ። ትምህርት ቤቶቹ ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ወደ መካከለኛው እስያ፣ ወደ ባልካንና ወደ አፍሪካ ተስፋፉ። በአብዛኞቹ የሚሰጠው መደበኛ ትምህርት ሲሆን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይማርባቸዋል። የአሠራሩ መሠረት «ተምሲል» ይባላል፤ መምህሩ ሳይሰብክ ዲኑን በእውነተኛነቱ፣ በሰዓት አክባሪነቱና ለደካማው ተማሪ በሚሰጠው ጊዜ ያሳያል።

ውይይትም ከዚህ ይጀምራል። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 13 ሰዎች በነገድና በጎሳ የተለያዩት እንዲተዋወቁ መሆኑን ያስተምረናል። ለመተዋወቅ ደግሞ የራስን እምነት ማወቅና የሌላውን ከራሱ አንደበት መስማት ያስፈልጋል።

ነገር ግን መልካም አኽላቅ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የቱርክ መንግሥት የጉለንን እንቅስቃሴ ተጠያቂ አድርጎ በአገሩ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ዘጋ። ጉለን ክሱን አስተባብለዋል። በውዝግቡ ላይ ፍርድ አንሰጥም። ሆኖም ትምህርት ቤቱን ማን እንደሚመራውና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ወላጅ በግልጽ ማወቅ አለበት። ይህም የአማና አካል ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ነገ መምህር የምንሆን ብዙ ነን። የፈተና ወረቀት ስናርም ስሙ አሕመድም ይሁን ገብረማርያም ነጥቡን የሚወስነው መልሱ ብቻ ከሆነ፣ ኢማናችን ሕጉን ሳይነካ ሥራውን ሠርቷል።

አላህ ዒልማችንን የሚጠቅም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።